ድምፅ የሌለው ካርድ

ሰበታ የሠራሁበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቆመው የአባቴና የአጎቴ እርሻ በነበረው መሬት ላይ ነው። ማቅለሚያ ክፍሉ ያረፈበት ቦታ ላይ አባቴ ጤፍ ይዘራ ነበር፤ መጋዘኑ ያለበት ደግሞ የአጎቴ ከብቶች የሚሰማሩበት ሜዳ ነበር። መሬቱ ሲወሰድ «ልጆቻችሁ ሥራ ያገኛሉ» ተብሎ ነበር። ከሁለቱ ቤት ሥራ ያገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ኮምፒውተር ተምሬ ስለነበር። አብሮኝ ያደገው የአጎቴ ልጅ በሄደ ቁጥር «እንጠራሃለን» እየተባለ ይመለስ ነበር። ወንድም የለኝም፤ ወንድሜ እሱ ነበር። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እስከ ፋብሪካው በር ይሸኘኝና፣ ከብት እናግድበት የነበረውን ቦታ በአጥሩ ቀዳዳ አይቶ «በይ ግቢ፣ ባለቤቷ» ብሎ ይስቅ ነበር። በኋላ መሸኘቱንም መሳቁንም ተወ።

የሥራ መደቤ ስሙ ትልቅ ነበር። በተግባር ግን ፕሪንተር እጠግናለሁ፣ የቢሮ ኮምፒውተሮችን ከቫይረስ አጸዳለሁ፣ በግቢው የተተከሉትን ካሜራዎች እከታተላለሁ። ከዚህ ያለፈ ነገር ይመጣብኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

ነገሩ የመጣው በመብራት ነው። አንድ ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ መጣና የማቅለሚያ ማሽኖቹን የሚያዘውን ኮምፒውተር አቃጠለው። ማሽኖቹ አውሮፓ ውስጥ አገልግለው የመጡ ናቸው። ሠራተኛው «ድስቶቹ» ይላቸዋል፤ እውነትም ሰው የሚውጥ የግፊት ድስት ይመስላሉ። ጨርቁ ይገባና ይዘጋባቸዋል፣ ውሃው ይፈላል፣ ቀለሙ ይጨመራል፣ መጨረሻ ላይ ስቲሙ፣ ማለትም እንፋሎቱ፣ ቀስ እያለ ይለቀቃል። የትኛው ቫልቭ መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩንና ቫልቮቹን የሚያገናኘው ደግሞ አንድ ረጅም፣ አረንጓዴ፣ አቧራ የጠጣ ካርድ ነበር። ካርዱን የሠራው ኩባንያ ከተዘጋ ቆይቷል። ኮምፒውተሩ ሲቃጠል ካርዱ ተረፈ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮአቸው ጠሩኝ። አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ሰበታን ከመኪናቸው መስኮት ብቻ የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

«አዲስ መቆጣጠሪያ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ የለም» አሉኝ። «አንቺ ተምረሻል አይደል? አስነሺው።»

መርካቶ ወርጄ ካርዱ የሚሰካበት ዓይነት አሮጌ ስሎት ያለው ኮምፒውተር ፈልጌ አመጣሁ። ዕድል ሆኖ የማሽኖቹ ፕሮግራም ከነኮዱ በሲዲ ተቀምጦ ነበር፤ በነፃ በሚታደል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ነበር የሚሠራው። ችግሩ ድሮ የተጫነው የሲስተሙ እትም የኔን ኮምፒውተር ዲስክ አያውቀውም። አዲሱን እትም መጫን ነበረብኝ። ጫንኩ። አዲሱ እትም ደግሞ ካርዱን አላወቀውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልናገር፤ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባም። ከርነል ማለት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ ይነቃና በውስጡ ላለው ዕቃ ሁሉ ቦታ ያድላል። አዳዲሶቹ ዕቃዎች ሲጠሩ «አቤት» ይላሉ፤ ማን እንደሆኑና ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልጉ ይናገራሉ። ከርነሉም ለእያንዳንዳቸው አድራሻና የጥሪ መስመር ይሰጣቸዋል። የጥሪ መስመር ማለት ዕቃው «የያዝከውን ተወት አድርገህ እኔን ስማኝ» ብሎ ከርነሉን የሚቀሰቅስበት ሽቦ ነው። የኔ ካርድ የተሠራው ይህ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት ነው። ቢጠሩት አይመልስም። አድራሻውና መስመሩ የሚወሰነው ገላው ላይ በተሰኩ ጥቃቅን መሰኪያዎች ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወዲያ አይልም። ከርነሉ ግን መልስ ያልሰማበትን ቦታ ባዶ ነው ብሎ ይይዘዋል፤ ለሌላ ይሰጠዋል።

ይህንን እኔም የተረዳሁት ብዙ ጨርቅ ከተበላሸ በኋላ ነው። ማሽኑ መጀመሪያ ይሠራል፤ ደስ ይለናል፤ ከዚያ ውሃው ፈልቶ ቀለሙ ሊገባ ሲል ድርቅ ይላል። ድስቱ ሲከፈት ጨርቁ እንደ ለምጽ ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣል።

ድስቱ አጠገብ የምትቆመው ኦፕሬተር ከሆሳዕና አካባቢ የመጣች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ነበረች። ጴንጤ ናት፤ ቤተ ክርስቲያኗ ኳየር ውስጥ ትዘምራለች፣ ሥራ ላይም ለራሷ ታንጎራጉራለች። መጀመሪያ ሰሞን ትፈራኝ ነበር፤ ጨርቅ በተበላሸ ቁጥር ማስጠንቀቂያ የሚደርሳት እሷ ስለነበረች፣ እኔ ኮምፒውተሩ ጋ በተቀመጥኩ ቁጥር እንደ ክፉ ዜና ነበር የምታየኝ። አንድ ቀን ምሳዋን ይዛ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እህቴ፣ ልጠይቅሽ? ማታ ማታ፣ ቢሮዎቹ ተዘግተው ስንሠራ፣ ለምንድን ነው ማሽኑ የማይደርቀው?»

እኔ አስቤው አላውቅም ነበር። ጥያቄዋ ቀኑን ሙሉ አእምሮዬ ውስጥ ሲዞር ዋለ። ቢሮዎቹ ሲዘጉ የሚቀረው ምንድን ነው? የኔትወርኩ እንቅስቃሴ። የከርነሉን የድልድል ሰንጠረዥ ከፍቼ አየሁት፦ የካርዱ የጥሪ መስመር ለኔትወርክ ካርዱ ተሰጥቷል። አዳዲሶቹ ዕቃዎች አንድ መስመር መጋራት ይችላሉ፤ አሮጌው ካርድ አይችልም፣ ለብቻው ካልሆነ ጥሪው አይሰማም። ቢሮ ያለ ሰው ፋይል በላከ ቁጥር የካርዱ ጥሪ ተውጦ ይቀር ነበር።

አድራሻውን ማስጠበቅ ቀላል ሆነ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ «ይህን ክልል አትንካ» የሚል አንድ መስመር ትእዛዝ መጨመር በቂ ነበር። መስመሩ ግን እንቢ አለኝ። የማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ የራሱ ሰንጠረዥ ከከርነሉ ጋር እየተማከረ ትእዛዜን ይሽረው ነበር። በኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ ሞከርኩ፤ ተቀበለኝ፣ ሲነሳ ግን ረሳው። ኔትወርክ ካርዱን ነቅዬ ሌላ ስሎት ውስጥ ሰካሁት፤ ዞሮ ያንኑ መስመር ያዘ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ መንገድ ከርነሉን ራሱን ከፍቶ መግባት ብቻ ነበር።

ያን ሰሞን ኢንተርኔት ይቆረጥ ጀመር። ማስተር ፕላን የሚለው ቃል በሰው አፍ ሁሉ ነበር፤ አዲስ አበባ ሰፍታ እኛን ትውጣለች ተባለ። መጀመሪያ የቡራዩ ወሬ መጣ፣ ከዚያ የሱሉልታ፣ ከዚያ እኛው ደጃፍ ደረሰ። መንገዱ አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። የከርነሉን ኮድ ኢንተርኔት ከመቆረጡ በፊት አውርጄው ስለነበር እሱን ሳነብ እውላለሁ። የሚጠየቅ ሰው የለም። ለሌላው ዓለም ስንት መልስ ያለውን ጥያቄ እኔ ከኮዱ ጋር ብቻዬን ስታገል ከረምኩ። የምፈልገውን ቦታ ሳገኘው ከርነሉ ማደል ከመጀመሩ በፊት የሚያልፍበት አጭር ስፍራ ሆነ። እዚያ ጋ ጥቂት መስመር ጻፍኩ፦ ይህ የጥሪ መስመር ባለቤት አለው፣ ለማንም አይሰጥም። ከዚያ ከርነሉን እንደገና ማጠናቀር፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽኑ ቋንቋ መለወጥ፣ ነበረብኝ፤ የቢሮው ኮምፒውተር ደካማ ስለነበር ረጅም ሰዓት ይፈጃል፣ መሃል ላይ መብራት ይጠፋል፣ እንደገና ከመጀመሪያው።

በመጨረሻ ተሳካ። ቢሮዎቹ በሙሉ ክፍት ሆነው፣ ሰው ሁሉ ፋይል እየላከ፣ ድስቱ ሥራውን ጨርሶ ተከፈተ። ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። የሆሳዕናዋ ልጅ እጇን እርጥቡ ጨርቅ ላይ አሳርፋ «ሃሌ ሉያ» አለች። እኔ አለቀስኩ። ሥራ አስኪያጁ መጥተው አዩና «ጥሩ፤ እንግዲህ ያመለጠንን ትእዛዝ አሟሉ» ብለው ሄዱ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። ነገሩ እንዲገባው ብዬ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀልኩ አስረዳሁት። አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ በጥሞና ሰማኝ።

«እና ያ አሮጌው፣ መናገር አይችልም?»

«አይችልም።»

«ስላልተናገረ ቦታው ባዶ ነው ይሉታል?»

«አዎ። እኔ ቀድሜ ተናገርኩለት፤ አሁን አይነኩበትም።»

 ከዚያ «እኛስ ተናግረን ነበር» አለኝ። «ቀበሌው ድረስ ሄደን፣ አጎትሽም እኔም ተናግረናል።»

ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ለፍቼ፣ ያን ቀን እንኳ ስለ መሬቱ እንዲያነሳብኝ አልፈለግኩም ነበር። ጎበዝ እንዲለኝ ነበር የፈለግኩት። ተነስቼ ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው እሱም ጎበዝ ሊለኝ ነበር የፈለገው፤ አፉ ላይ የመጣለት ግን ያ ነው።

ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ሰው ግን አላመነም፤ የታሰረው አልተፈታ፣ የሞተው ተቀበረ፣ የተወሰደው መሬት ቀድሞ ሄዷል። የአጎቴ ልጅ ቤት መጥቶ ሲቀመጥ ከእኔ ጋር አያወራም ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ ቡና ላይ፣ አባቴ ባለበት፣ «ማሽናቸውን ጠገንሽላቸው አሉ» አለኝ።

«ሥራዬ ነው።»

«ገባኝ» አለ። «እኔም ሥራ ቢሰጡኝ እሠራ ነበር።»

ፋብሪካው በተቃጠለበት ቀን ሰማዩ ብሩህ ነበር። ረፋዱ ላይ የጅማ መንገድ በድንጋይና በሚነድ ጎማ መዘጋቱ ተሰማ፤ ትንሽ ቆይቶ ጩኸቱ በር ላይ ደረሰ። ጥበቃዎቹ ሸሹ። ሠራተኛው በኋላ በር እየሮጠ ወጣ። እኔም ልወጣ ስል የሆሳዕናዋ ልጅ ከድስቱ አጠገብ አልነቃነቅ ብላ ቆማ አየኋት።

«ምን ሆነሻል? ነይ እንጂ!»

«ድስቱ ተዘግቶ በግፊት ላይ ነው» አለችኝ። «የሚገቡት ሰዎች አያውቁትም። ከከፈቱት ይቀቅላቸዋል።»

ሊገድሏት ይችላሉ ለምላቸው ሰዎች ነበር የምትጨነቀው። ኮምፒውተሩ ጋ ሮጥኩና ማቀዝቀዣውን አስጀመርኩ፤ ስቲሙ ቀስ እያለ ይለቀቅ ጀመር። ከዚያ በላይ ማፍጠን አይቻልም ነበር። ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ በሩ ተሰብሮ ገቡ። ዱላ የያዘ አለ፣ ድንጋይ የያዘ አለ፣ ባዶ እጁን የሆነም አለ። ፊት ለፊት ከገቡት አንዱ የአጎቴ ልጅ ነበር።

ሲያየኝ ቆመ። «ኮቱ!» ብሎ ጮኸብኝ፣ ነይ ማለቱ ነው። «ውጪ ከዚህ! ምን ትሠሪያለሽ?»

አንድ የማላውቀው ሰው የሆሳዕናዋን ጓደኛዬን ክንዷን ያዘና ከየት እንደሆነች በኦሮምኛ ጠየቃት። የምታውቀው ሰላምታውን ብቻ ነው። «አካም ጅርታ» አለችው። ሰውየው የአካባቢው ልጅ እንዳልሆነች ወዲያው ገባው፤ ክንዷን ጠበቅ አደረገ።

«ዲሲ!» አለ የአጎቴ ልጅ። «ተዋት። እህታችን ናት።»

እኔ ድስቱን እያሳየሁ «አትንኩት፣ ይፈነዳል!» አልኩ። እሱም ዞሮ ለሌሎቹ ጮኸላቸው፤ ራቅ አሉ። ከዚያ ሁለታችንንም እየመራ በሕዝቡ መሃል አሳለፈን፤ የሚመጣብንን በክንዱ እየከለከለ፣ አጥሩ እስከፈረሰበት ድረስ። እዚያ ስንደርስ ጓደኛዬን «ሂጂ እህቴ፣ ወደ ኋላ አትይ» አላት። እኔን ምንም አላለኝም። ተመልሶ ገባ። ጓደኛዬ ማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «የአጎቴ ልጅ ነው» አልኳት። እሳቱን ማን እንደለኮሰው አላየሁም። ጭሱን ግን ሰበታ ሁሉ አየው።

ማቅለሚያ ክፍሉ ከነካርዱ ከሰለ። የቢሮው ሕንፃ ግን ተርፎ ነበር፤ የካሜራዎቹ መቅጃም እዚያ ነበር። በበነጋው ሥራ አስኪያጁ ደወሉልኝ፤ መርማሪዎች እየመጡ ስለሆነ ቀረጻውን እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ቀድሜ ደረስኩ። ከፍቼ አየሁት። የአጎቴ ልጅ ፊቱ ፀሐይ እየመታው ጥርት ብሎ ይታያል፤ እጁን ዘርግቶ መንገድ ሲያስለቅቅልን፣ ከዚያም ተመልሶ ሲገባ። ዲስኩን አጠፋሁት። ዝም ብሎ መሰረዝ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ማንም እንዳያወጣው አድርጌ በላዩ ላይ ባዶ ነገር ጻፍኩበት። ሲመጡ መብራት ሲቋረጥ ተበላሽቷል አልኳቸው።

መርማሪው አላመነኝም። ወሰዱኝና ብዙ ጠየቁኝ፤ በመጨረሻ ለቀቁኝ። ዕቃዬን ልወስድ ስመለስ ሥራ አስኪያጁ ግቢው ውስጥ አመዱ መሃል ቆመው አገኘኋቸው።

«መሬታችሁን ሸጣችሁ፣ እዚሁ እንጀራ በላችሁ፣ ደግሞ አቃጠላችሁት» አሉኝ።

«አልሸጥንም» አልኳቸው። ሌላ የሚባል ነገር አልመጣልኝም።

የአጎቴ ልጅ ሱሉልታ አክስታችን ቤት ተደብቆ ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበርና በየቤቱ ሰው ይለቀም ነበር። አክስቴ ስትደውል የምትናገረው ስለ ድንችና ስለ ብርድ ብቻ ነበር፤ በዚያ ነበር ደህና መሆኑን የምናውቀው። አንድ ቀን ስትደውል እያለቀሰች ነበር፤ ወስደውታል። የመጡት ሰዎች ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የእኔንም ስም ይዘው ነው የመጡት።

እንዴት እንዳወቁ የገባኝ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጓደኛዬን ልሰናበታት ስሄድ ነው። ፋብሪካው ስለተዘጋ ወደ ሆሳዕና ልትመለስ ሻንጣዋን እየሸከፈች ነበር። ፊቷ በራ ብሎ ተቀበለችኝ።

«ለወንድምሽ ተናገርኩለት እኮ!» አለችኝ። «ምስክር ብለው ጠርተውኝ ነበር። ሁሉም ክፉ አይደለም አልኳቸው። አንዱ እጄን ይዞ አወጣኝ፣ ስሙን አላውቅም ግን የጓደኛዬ የአጎት ልጅ ነው አልኳቸው። ጥሩ ሰው መሆኑን ይወቁት ብዬ። ጌታ ይባርከው።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የፊቴን መለወጥ ስታይ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ምነው? ያዙት እንዴ?»

ያን ቀን ፋብሪካው ውስጥ መኖሩን የሚያረጋግጥ ሌላ ማስረጃ እንዳልነበራቸው አልነገርኳትም። «ይለቁታል» አልኳት። ሻንጣዋን ተሸክሜ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋት። በመስኮቱ እጇን እያወዛወዘች ሄደች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ደውላ አላነሳሁላትም፤ ካነሳሁ የምናገረውን አውቀው ነበር፣ እሷ ደግሞ ያንን ተሸክማ እንድትኖር አልፈለግኩም። ምናልባትም እንዲህ የምለው ለራሴ ነው። ምናልባት ጠልቻት ነበር።

የአጎቴ ልጅ ብዙ እስረኛ በተፈታበት ጊዜ ተፈታ። ግራ ጆሮው አይሰማም። አጎቴ በግ አርዶ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ፤ እኔም ሄድኩ። ሰው ቀለል ሲል በረንዳው ላይ ብቻውን አገኘሁትና በሚሰማው ጆሮው በኩል ተቀመጥኩ።

«ካሜራው በማን እጅ ነበር?» አለኝ፣ ሳያየኝ።

«አጥፍቼዋለሁ። ማንም ሳያየው።»

«ማን አየሽ ስታጠፊው?»

«ማንም።»

«እሺ» አለ።

ስለ ጓደኛዬ ነገርኩት፤ ልታመሰግነው ብላ እንደተናገረች፣ ክፋት እንዳልነበራት። ሰማኝ። ከዚያ ሳቀ፤ የድሮው ሳቁ አልነበረም።

«ስሜን የማታውቅ ሴት አመሰገነችኝና ታሰርኩ። የካሜራው ቁልፍ አንቺ ጋ ነበር፣ አንቺን ጠየቁሽና ለቀቁሽ። ይህን ለሌላ ሰው ብነግረው የትኛውን ያምናል?»

«አንተስ የትኛውን ታምናለህ?»

 ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ እንግዶቹ በእልልታ ተቀበሉት።

ፋብሪካው እንደገና ተሠርቷል። ማሽኖቹ አዳዲስ ናቸው ይባላል፤ ሲሰኩ ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ፣ የሚያስቸግር ካርድ የለም። እኔን መልሶ የጠራኝ የለም፤ ብጠራም አልሄድም ነበር። አዲስ አበባ ሌላ ሥራ ይዤ ከሰበታ እመላለሳለሁ። የአጎቴ ልጅ ሚኒባስ ይነዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሱሉልታ መንገድ ነው፣ አንዳንዴ ግን ወደ እኛ መስመር ይመጣል። ባለፈው ወር ዓለም ገና ላይ ዝናብ እየመታኝ ቆሜ ሳለሁ ሚኒባሱ ደረሰ። ጋቢናው ባዶ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ሞልቷል» አለኝና ነዳው።

ቀጥሎ በመጣው ተሳፈርኩ።